ኳሱ ተመለሰ፤ እነማን ቀሩ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ቦልተን ወደሚገኘው አስዳ ሱፐርማርኬት ጎራ ብለን ነበር። ቦልተን ለማታውቋት፣ ከማንቸስተር ወጣ ብላ የምትገኝ፣ ድሮ በጥጥ ፋብሪካዎቿ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። የሄድነው ለሽንኩርትና ለዘይት ነው፤ ሰው ስደት አገር ሆኖም ቅዳሜውን የሚበላው አስቤዛ ነው። ፌስታላችንን አንጠልጥለን ስንወጣ ጓደኛዬ ከኋላዬ ቀረብኝ። ዘወር ስል ግድግዳው ላይ ያለ የመታሰቢያ ጽሑፍ ፊት ቆሞ ያነባል።

«አንተ፣ ና እስቲ ይህንን እየው» አለኝ።

ጽሑፉ የሚናገረው እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1946 እዚያው ቦታ ላይ ኳስ ሊያዩ መጥተው ስለሞቱ 33 ሰዎች ነው። ዛሬ ሽንኩርት የምንገዛበት ቦታ ያኔ በርንደን ፓርክ የሚባል የቦልተን ዋንደረርስ ስቴዲየም ነበር። ጓደኛዬ ቀኑን ደግሞ አነበበው። «46 ማለት እኮ ጦርነቱ አልቋል» አለ። አዎ፣ አልቋል። አውሮፓ ውስጥ ጥይት ከቆመ አስር ወር ሆኖታል። ከሂትለር ቦምብ የተረፈ ሰው ኳስ ሜዳ ላይ ተረጋግጦ ሞተ ማለት ነው።

ጓደኛዬ የመቐለ ልጅ ነው፤ የመቐለ 70 እንደርታ ደጋፊ። ለምን ያን ያህል ጊዜ ቆሞ እንዳነበበው ያኔ አልጠየቅኩትም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። እኛ ቅዳሜና እሑድ በቴሌቪዥን ፊት የምንቀመጥለት፣ በአርሴናልና በማንቸስተር ተከፋፍለን ቡና ላይ የምንጨቃጨቅበት ይህ ሊግ አንድ ጊዜ ለሰባት ዓመት ጠፍቶ ነበር። እንዴት ጠፋ? እንዴትስ ተመለሰ? ሲመለስ ማን ነበረ፣ ማንስ አልነበረም? (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ አገር የቆየ ሰው መቼም ሁለት ካላንደር በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚዞረው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1939 ነው። ቅዳሜ ነው። ጀርመን ፖላንድን ከወረረች አንድ ቀን ሆኗታል፤ ሕዝቡ ግን ስቴዲየም ገብቶ ጨዋታውን አይቷል። ውድድሩ ገና መጀመሩ ነው፤ ብላክፑል ሦስቱንም አሸንፎ በስድስት ነጥብ አንደኛ ሆኗል፤ ያኔ ማሸነፍ ሁለት ነጥብ ነበር። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን በሬዲዮ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ መግባቷን ተናገሩ። በቃ። ሊጉ ቆመ። የተጫዋቾች ውል ፈረሰ። እነዚያ የተጫወቷቸው ጨዋታዎች ከመዝገብ ተሰረዙ፤ የገባው ጎል እንዳልገባ ሆነ።

ኳስ ጨርሶ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። መንግሥት ትንሽ ቆይቶ የሕዝቡ ሞራል እንዳይወድቅ ጨዋታ ፈቀደ። ግን ምን ዓይነት ጨዋታ! ሩቅ መጓዝ ክልክል ስለሆነ ውድድሩ በየአካባቢው ተከፋፈለ። ቦምብ ቢወድቅ ብዙ ሰው እንዳያልቅ የተመልካች ቁጥር ተገደበ። ደመወዝ የሚባል ነገር ቀርቶ ለአንድ ጨዋታ 30 ሺሊንግ ብቻ ይከፈል ጀመር። ተጫዋች ደግሞ በጦር ሰፈሩ አቅራቢያ ላለ ክለብ «እንግዳ» ሆኖ ይሰለፋል። ዛሬ ለአንዱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላው። በ1940 የገና ቀን ብራይተን ወደ ኖርዊች የሄደው አምስት ተጫዋች ብቻ ይዞ ነው። የቀረውን ከኖርዊች ተጠባባቂዎችና ከተመልካች ወታደሮች ሰብስቦ ሞላ። ውጤቱ 18 ለ 0። እኛ ሰፈር «ሰው ጎደለን፣ ና ግባ» ተብሎ የገባ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ስለ ቦልተን ካነሳን አይቀር የቦልተን ተጫዋቾች ነገር መነገር አለበት። በ1939 ጸደይ፣ ጦርነቱ ገና ሳይታወጅ፣ የቡድኑ አምበል ሃሪ ጎስሊን ከጨዋታ በፊት ሜዳ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ሕዝቡ ለአገር መከላከያ እንዲመዘገብ ጠየቀ። ከዚያም እሱና ጓደኞቹ ራሳቸው ሄደው ተመዘገቡ። አብዛኛው ቡድን በአንድ የመድፈኛ ክፍለ ጦር ውስጥ አብሮ ዘመተ። ፈረንሳይ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ ጣሊያን። ጎስሊን ዲሴምበር 1943 ጣሊያን ውስጥ ተገደለ። ሌሎቹ ተመለሱ። ግን ሲመለሱ ሄደው የነበሩት ልጆች አልነበሩም፤ ጉልበታቸውም ዕድሜያቸውም ሌላ ሆኗል።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። «ሊጉ ተመለሰ» ሲባል ሰው የሚመስለው አንድ ቀን ፊሽካ ተነፋና ሁሉ ነገር ካቆመበት ቀጠለ የሚል ነው። እንደዚያ አልነበረም። የተመለሰው ቁርጥራጭ ቁርጥራጩ ነው። በ1945 መኸር ሊጉ ገና አልተጀመረም፤ መጀመሪያ የመጣው የኤፍ ኤ ካፕ ነው። ክለቦች ገንዘብ ስለቸገራቸው የዋንጫው ጨዋታ በዚያ ዓመት ብቻ በደርሶ መልስ ተደረገ፤ ሁለት ጨዋታ ሁለት ጊዜ ቲኬት ነውና። በዚህም ምክንያት ቻርልተን በመንገዱ ላይ አንድ ጨዋታ ተሸንፎም ለፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜውን ደርቢ ካውንቲ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 1 ወሰደው። በዚያ ጨዋታ የቻርልተኑ በርት ተርነር መጀመሪያ በራሱ ላይ አገባ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ለቡድኑ አገባ። ኳሷ ራሷ በጨዋታው መሃል ፈነዳች። በጦርነት ጊዜ የሚገኝ ቆዳ ምን ጥራት ይኖረዋል!

በዚያው ኖቬምበር የሞስኮው ዲናሞ ለጉብኝት መጣ። የቼልሲን ስቴዲየም ከ74 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከፍሎ ሞላው፤ ሳይከፍል አጥር ዘሎ የገባውን የቆጠረው የለም። ሩሲያውያኑ ለእያንዳንዱ የቼልሲ ተጫዋች አበባ ይዘው ገቡ፤ እንግሊዞቹ አበባውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። 3 ለ 3 ተለያዩ። ካርዲፍ ላይ ዲናሞ 10 ለ 1 አሸነፈ። ከአርሴናል ጋር የተጫወቱት ሰው ሰውን በማያይበት ጭጋግ ውስጥ ነው። እሱንም 4 ለ 3 አሸነፉ። የአርሴናል የራሱ ሜዳ ሃይበሪ ለአየር ጥቃት መከላከያ ሥራ ተወስዶ ስለነበር አርሴናል የተጫወተው የት መሰላችሁ? በቶተንሃም ሜዳ! የሰሜን ለንደን ደጋፊዎች ይህን ለልጆቻችሁ አትንገሩ።

ያን ክረምት በየሜዳው የነበረውን የሕዝብ ብዛት ያለ ረሃቡ መረዳት አይቻልም። ስድስት ዓመት በጨለማ የኖረ ሕዝብ ነው። መብራት አጥፍቶ፣ መስኮት ሸፍኖ፣ ልጆቹን ወደ ገጠር ልኮ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስታንሊ ማቲውስን በዓይኑ ሊያይ ነው። ማርች 9 ቀን 1946 ቦልተን ከማቲውስ ክለብ ከስቶክ ጋር የሩብ ፍጻሜው የመልስ ጨዋታ ነበረው። የመጀመሪያውን ቦልተን 2 ለ 0 አሸንፏል። ከ65 ሺህ በላይ ሰው ከፍሎ ገባ፤ በድምሩ ግን እስከ 85 ሺህ ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው። ከስቴዲየሙ ትሪቡኖች አንዱን መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ ለዕቃ ማከማቻ ወስዶት ነበር። ጦርነቱ አልቋል፤ ዕቃው ግን አልወጣም። በዚያ በኩል ያሉት መግቢያዎች እንደተዘጉ ናቸው። ስለዚህ በባቡር ሐዲዱ በኩል ወዳለው መቆሚያ የሚገባው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጎን ብቻ ተጠራቅሞ መግባት ነበረበት። ሞላ። በሮቹ ተዘጉ። ውጭ የቀረው ሕዝብ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። በሐዲዱ በኩል፣ በአጥሩ ላይ፣ በቻለው ሁሉ ገባ። ውስጥ ያለ አንድ አባት ግፊያው አስፈርቶት ትንሽ ልጁን ይዞ ለመውጣት የተቆለፈ በር ከፈተ። ልጁን አዳነ፤ በከፈተው በር ግን ሌላ ሕዝብ ጎረፈ። ጨዋታው እንደተጀመረ ሕዝቡን የሚከፋፍሉት ብረቶች ተሰበሩና ሰው በሰው ላይ ወደቀ።

ጨዋታው ቆመ። ሬሳ ከሜዳው ዳር ተደርድሮ ኮት ለበሰ። ከዚያ፣ ይህን ሳነብ ማመን ነው ያቃተኝ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጨዋታው ቀጠለ። የሜዳው የጎን መስመር ሬሳው ወዳለበት ስለተጠጋ በሰጋቱራ አዲስ መስመር ተሰመረ። ከመስመሩ ወዲህ ኳስ፣ ከመስመሩ ወዲያ ሬሳ። ዕረፍት እንኳ ሳይወጡ ተጫውተው 0 ለ 0 ጨረሱ። ፖሊስ ጨዋታው እንዲቀጥል የፈለገው ሕዝቡ ቢበተን ሌላ ችግር ይመጣል ብሎ ነው፤ ብዙው ተመልካች ደግሞ ሰው መሞቱን አላወቀም ነበር። በዚያ ቀን ለቦልተን የተሰለፈው የሃያ ዓመት ወጣት ናት ሎፍትሃውስ በኋላ የእንግሊዝ ታላቅ አጥቂ ሆነ፤ የመታሰቢያ ጽሑፉን ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ የመረቀውም እሱ ነው።

እኔ እነዚያን ሰዎች ጨካኞች ነበሩ ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ቀጥሉ» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቦምብ ይወድቃል፣ ሬሳ ይነሳል፣ ጠዋት ሥራ ይገባል። ያ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ጦርነት ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ ከመጻሕፍት ይልቅ ያ የሰጋቱራ መስመር ይነግረኛል። ከጦርነት የመጣ ሕዝብ በየአገሩ ይህ አለው። እኛም ስንት ጊዜ ሬሳ አጠገብ መስመር አስምረን ቀጥለናል!

ጥፋቱ ግን ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት አጣሪ ሾመ፤ ሞልዊን ሂውዝ የተባለ የሕግ ሰው። ሪፖርቱ ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ ሜዳ የሚይዘው ሰው ልክ ይወሰን፣ ፈቃድ ይኑረው፣ የሚገባው ሰው ይቆጠር። ምን ሆነ? መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ክለቦቹ የተራበ ሕዝብ በር ላይ ቆሞላቸዋል፤ ማን ይቆጥራል? ሕግ የወጣው በ1975 ነው፤ ያውም በ1971 ግላስጎው አይብሮክስ ላይ 66 ሰው ካለቀ በኋላ። ከዚያም በ1989 ሂልስቦሮ። 97 ሰው። «ጦርነቱ አልፏል፣ አሁን ስለ ደስታችን እናውራ» የሚል ስሜት የስንቱን ጥያቄ አፍ እንደሚዘጋ ተመልከቱ።

ሊጉ ራሱ የተመለሰው ኦገስት 31 ቀን 1946 ነው። እና የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ያወጡት የጨዋታ ፕሮግራም አዲስ አልነበረም። በ1939 አውጥተውት የነበረውን ፕሮግራም ነው ያንኑ ያወጡት! የመጀመሪያው ቀን ማን ከማን እንደሚጫወት፣ በማን ሜዳ፣ ያው ነው። ሰባት ዓመት እንዳልነበረ፣ ትናንት የተቋረጠ ወሬ እንደሚቀጥል። አንዳንዱ ይህን የእንግሊዝ ጽናት ይለዋል። እኔ ሳየው ሌላ ነገር ነው የታየኝ፤ ከሞት ቤት የተመለሰ ሰው አልጋውን እንደ ድሮው አንጥፎ «ምንም አልሆነም» ሲል።

ግን ሆኗል እንጂ! ቶሚ ሎውተንን ውሰዱ። በ1939 ኤቨርተን ሻምፒዮን ሲሆን 34 ጎል ያገባ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሊጉ ሲመለስ ሊሞላው የቀረው ከ27 ዓመት ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ክለቡም ቼልሲ ሆኗል። ማቲውስ 24 ነበር፣ 31 ሆነ። ለአንድ ኳስ ተጫዋች ከ20 እስከ 27 ያለው ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እኛ ስደተኞች ወረቀት ስንጠብቅ ያለፈውን ዕድሜ እንደምናስበው አስቡት፤ ማንም መልሶ አይሰጥህም፣ ካሳም የለውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ክለቦቹ በተስማሙበት የደመወዝ ጣሪያ ታስረዋል። በ1947 እንኳ ጣሪያው ከፍ ብሎ በሳምንት 12 ፓውንድ ነበር፤ የተነሳው በ1961 ነው። በዚያ ዓመት 35 ሚሊዮን ከግማሽ ሕዝብ ከፍሎ ገብቷል፤ በ1948/49 ደግሞ ከ41 ሚሊዮን በላይ። ይህ ሪከርድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሰበር ቆይቷል። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወደ ተጫዋቹ አልሄደም። ወደ ትሪቡኑም አልሄደም።

ምግብም የለም። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ በራሽን ያልነበረው ዳቦ በራሽን የሆነው በጁላይ 1946 ነው፤ ድል ከተደረገ ከዓመት በኋላ። የቀበሌ ስኳር ወረፋ የቆማችሁ ታላላቆቼ ይገባችኋል። ማልያ መግዣም ኩፖን ይጠይቃል። የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ጆርጅ ኬይ ታዲያ ብልህ ነበር። በ1946 በጋ ቡድኑን ይዞ ወደ አሜሪካና ካናዳ ሄደ። ለጨዋታ ነው የተባለው፤ ዋናው ግን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ነበር። ልጆቹ ወፍረው ተመለሱ። የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ማን እንደሆነ ገምቱ።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን አርሴናል በዎልቨርሃምፕተን 6 ለ 1 ተሸነፈ። ከጦርነቱ በፊት እንግሊዝን ያንቀጠቀጠ ክለብ ነው፤ ዘጠኝ ተጫዋቾቹ በጦርነቱ ሞተውበት ነበር። ዓመቱን 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። ማንቸስተር ዩናይትድ ደግሞ ሜዳ የለውም። ኦልድ ትራፎርድ በማርች 1941 በቦምብ ተመትቶ ስለነበር እስከ 1949 ድረስ የሚጫወተው በሲቲ ሜዳ በኪራይ ነው። ማት በዝቢ የሚባል አዲስ አሰልጣኝ፣ ጣሪያ የሌለው ስቴዲየም፣ ዕዳ። እንዲያም ሆኖ በአንድ ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። የ1947ን ክረምት እንግሊዞች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች በረዶ አገሩን ዘጋው። ከሰል አለቀ፣ መብራት ጠፋ፣ ፋብሪካ ቆመ። ጨዋታ በጨዋታ ላይ ተሰረዘ። መንግሥት ደግሞ ሠራተኛው ከሥራ እንዳይቀር ብሎ በሥራ ቀን መጫወትን ከለከለ። ስለዚህ በሜይ ማለቅ የነበረበት ውድድር እስከ ጁን 14 ተጎተተ። በዚያ መሃል ስቶክ ሲቲ በታሪኩ አግኝቶት የማያውቀውን ዋንጫ ሊያነሳ ተቃርቦ ሳለ ምን አደረገ? ማቲውስን ሸጠ! ከአሰልጣኙ ጋር አልተስማማም ተብሎ በ11,500 ፓውንድ ለብላክፑል። የመጨረሻውን ጨዋታ ሸፊልድ ላይ ቢያሸንፉ ሻምፒዮን ነበሩ። 2 ለ 1 ተሸነፉ። ሊቨርፑል የራሱን ጨዋታ ከጨረሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የስቶክ ሽንፈት ሲሰማ እነሱ በአንፊልድ ከኤቨርተን ጋር የከተማ ዋንጫ ይጫወቱ ነበር። በድምፅ ማጉያ ተነገረ፣ ሜዳው ፈነዳ። 57 ነጥብ።

ከዚያ ቡድን ውስጥ አንዱ ቦብ ፔዝሊ ነበር። በጦርነቱ በሰሜን አፍሪካና በጣሊያን ተዋግቶ፣ በ1944 ሮምን ነጻ ካወጣው ጦር ጋር ሮም የገባ ሰው ነው። በ1977 ደግሞ አሰልጣኝ ሆኖ ሊቨርፑልን ይዞ ሮም ተመለሰ፤ የክለቡን የመጀመሪያ የአውሮፓ ዋንጫ እዚያው ከተማ ላይ አነሳ።

የእኛ አገር ከዚህ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነበረች ብላችሁ እንዳታስቡ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በተመሠረተ በዓመቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። አምስቱን ዓመት አበሾቹ ከነጮቹ ተለይተው ነበር የሚጫወቱት። ነጻነት ሲመጣ በ1943 ፌዴሬሽኑ ተቋቋመ፤ ይድነቃቸው ተሰማም ከዋና ዋናዎቹ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። በ1944 በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተሰለፉትን እስቲ እዩ። ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ወታደሮች ናቸው። አገራቸው ላይ ሊጉ ተዘግቶ በነበረበት ሰዓት እነሱ ጃንሜዳ አገር ሊግ እየበሉ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የጣሊያኖቹ መሰለፍ ነው። ወረራው ካበቃ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ከጣሊያን ቡድን ጋር በአንድ ሜዳ! አባቶቻችን ይህን እንዴት ቻሉት? ማን ከማን እጅ ተጨባበጠ? ይህን የሚነግረን መጽሐፍ በኖረ።

እንግሊዞቹ ተመሳሳይ ፈተና የገጠማቸው በ1949 ነው። ማንቸስተር ሲቲ በርት ትራውትማን የሚባል በረኛ አስፈረመ። ጀርመናዊ ነው፤ የሂትለር ፓራሹተኛ የነበረ፣ ተማርኮ መጥቶ አገሩ ሳይመለስ የቀረ። ማንቸስተር ደግሞ ብዙ አይሁድ ያሉባት ከተማ ናት። ሰልፍ ወጣ፣ ደጋፊዎች ቲኬታችንን እንመልሳለን አሉ። ያኔ የከተማዋ ረቢ አሌክሳንደር አልትማን፣ ራሳቸው ከናዚ ጀርመን ተሰደው የመጡ ሰው፣ አንድ ሰው ለሕዝቡ ኃጢአት ሁሉ መከሰስ የለበትም ሲሉ ጻፉ። የቡድኑ አምበል ኤሪክ ዌስትዉድ ኖርማንዲ ላይ ጀርመኖችን የተዋጋ ነበር፤ እሱም መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቀበለው። ትራውትማን በ1956 የዋንጫ ፍጻሜ አንገቱ ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ተጫውቷል። ሲቲ 3 ለ 1 አሸነፈ። ሰው ግን ይህን ታሪክ ሲያወራ አንገቱን ብቻ ነው የሚያወራው። እኔን የሚይዘኝ የረቢው ደብዳቤ ነው። ይቅርታ የጠየቀ መንግሥት አልነበረም፣ ኮሚሽን አልነበረም። ለመናደድ ከማንም በላይ መብት ያለው ሰው ነው መጀመሪያ የተናገረው። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም፤ «ይቅር በሉ» ብሎ የሚያዝ ሰው ያንን ደብዳቤ አልገባውም።

መመለስ ደግሞ ሁልጊዜ ለሁሉም አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነውን ላክልበት። በዚያ ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ በጥይት ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ኳስ ጀምረው ነበር፤ በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ውስጥ 53 ሺህ ሰው የሴቶች ጨዋታ አየ። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶችን ከክለቦቹ ሜዳ ሁሉ አገደ፤ እገዳው ሃምሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ1919 ሊጉ ሲመለስ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት በሁለተኛው ዲቪዚዮን አምስተኛ የነበረው አርሴናል በድምፅ ብልጫ ወደ አንደኛው ገባ፤ ቶተንሃም ወረደ። (የአርሴናል ደጋፊዎች አትቆጡ፣ መዝገቡ ነው የሚለው።) ጦርነት ወረቀቱን ሲበታትነው ወረቀቱን መልሶ የሚያስተካክለው ሰው ማን እንደሆነ ማየት ጥሩ ነው።

ባለፈው እሑድ ጓደኛዬን ቡና ጠርቼ ይህን ሁሉ አወራሁለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። እሱ ከ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጀምረው፤ መቐለ 70 እንደርታ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የሆነበት ዓመት። በሚቀጥለው ዓመት ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። ከዚያ ጦርነቱ። መቐለ፣ ወልዋሎና ሽረ ከሊጉ ጠፉ። ሊጉ ግን አልቆመም፤ ያለ እነሱ ቀጠለ። በእንግሊዝ ሁሉም አብሮ ቆሞ ሁሉም አብሮ ተመለሰ። በእኛ አገር አንዱ ሲቀበር ሌላው ሻምፒዮን ይሆን ነበር። ሦስቱ ክለቦች ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው።

«ስትመለሱ ምን ተሰማህ?» አልኩት።

«እኔ አልተመለስኩም፣ ክለቡ ነው የተመለሰው» አለኝ። ሲኒውን አስቀመጠ። «ደግሞ ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች ነው የሚካሄደው። የመቐለ ሰው በቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ልክ እንደ እኔ።»

«ዩናይትድም እኮ ስምንት ዓመት በሰው ሜዳ ተጫውቷል።»

«የዩናይትድ ደጋፊ ማይል ተጉዞ ነው ሜዳው የደረሰ። ለእኛ እንደሱ አይደለም።» ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ። «ስቴዲየም አብረን እንቀመጥ የነበርን ስድስት ልጆች ነበርን። ቦታችን ይታወቃል፤ ከበሮ መቺው ጀርባ። ሁለቱ የሉም። አንዱ ያለበት አይታወቅም። እኔ እዚህ ነኝ። ሁለቱ አሁንም እየሄዱ ያያሉ፣ ግን ከበሮው ጀርባ አይቀመጡም አሉኝ።»

ምን እንደምለው አላወቅኩም። ስለ ሃሪ ጎስሊን ልነግረው አስቤ ተውኩት። ሁለተኛውን ቡና ቀዳሁለት። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አወጣና ውጤት ማየት ጀመረ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ገና 0 ለ 0 ነው» አለኝ። «ቆይ፣ ሊያልቅ አስራ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።»